እንግዳ ሲመጣ የሚነሳ ላስቲክ

የደስታ መግለጫው የደረሰው ረቡዕ ጠዋት ነው። ዘርፌ የመነጽር ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ፣ ግቢው ውስጥ በቆመችው፣ ሰጎን በምትባለው መኪናቸው የፊት መስታወት ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ በርቶ አየች። «እንኳን ደስ ያለዎት። ተሽከርካሪዎ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተፈላጊ ቅርስ እንደምትሆን ተተንብዮአል። የመጨረሻው እይታ ቅዳሜ ይካሄዳል።» አንብባ ስትጨርስ በሩን ከፍታ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ወንበሩ የተሸፈነበት ላስቲክ እንደ ልማዱ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ።

ቢሾፍቱ ውስጥ እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው ቤት እንዴት እንደሚኬድ ሰዉ ገና አልለየለትም። ጎረቤት ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ በር ላይ ቆም ብሎ የባለቤቱን ፊት ያያል፤ ፊቱ ከፈካ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል፣ ከጠቆረ ደግሞ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ዳቦው በሁለቱም ያው ዳቦ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቁጭት ነበር። በአያቶች ዘመን አገሩ የነበረውን አሮጌ መኪና ሁሉ በብረት ዋጋ ሸጦ ጨረሰ። ሰማያዊና ነጩ ታክሲ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለችው ትንሿ መኪና፣ አፍንጫ ያለው የጭነት መኪና፣ ሁሉም ተጭኖ ሄደ። ቆይቶ የገዙት ሰዎች ወልውለውና ቀብተው እያንዳንዷን በሕንጻ ዋጋ ሲቸበችቧት በዜና ታየ። ያን ቀን የተቃጠለ አንጀት እስካሁን አልበረደም። ሁለተኛ አንሞኝም ተባለ፤ የነገ ቅርስ ቢሮ ተቋቋመ። ሥራውም ዛሬ ከሚሮጡት ፈጣን መኪኖች መካከል ነገ ሰው የሚሻማባቸው የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ ማወቅ፣ ከታወቁም ወዲያ ሳይጫሩና ሳይነዱ መያዝ ሆነ።

የተያዘች መኪና ዱከም ትወሰዳለች። እዚያ ደረቅ አየር በሚነፍስበት ረጅም አዳራሽ ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ ትቆማለች። ቦታው በወጉ ረጅም ስም አለው፤ ሕዝቡ ግን «ማረፊያ ቤት» ይለዋል። ባለቤቱ በምትኳ ራስ ነጂ መኪና ይሰጠዋል፣ በዓመት በዓልም ሄዶ እንዲጠይቃት ይፈቀድለታል። በፋሲካ ማግስት አዳራሹ የሀገር ልብስ በለበሰ ቤተሰብ ይሞላል። ልጆች መስታወቱን ያንኳኳሉ፣ አባቶች ትንሽ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ሰዓት አልቋል ይባላል። የዘርፌ ደንበኛ አቶ ሮቤል፣ ነብር የምትባለው መኪናቸው ከተያዘችባቸው ወዲህ በሄዱ ቁጥር ዘበኛውን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ቻርጅ ያደርጓታል?» ዘበኛውም ሁልጊዜ «ደህና ናት» ይላቸዋል።

ዘርፌን ያስደነገጣት ግን መኪናዋ አይደለችም፤ እናቷ ናቸው።

እማማ ኤልዳና ራስ ነጂ መኪና ውስጥ አይገቡም። (በዚያ ዘመን ኤልዳናና ናሆም የሽማግሌ ስም ሆነዋል፤ ልጆቹ ናቸው ዘርፌና ጎሹ የሚባሉት።) አንዴ ሞክረው ነበር፤ አዳማ ሳይደርሱ አጥወለወላቸው፣ መኪናው ራሱ ዳር ይዞ ቆመና በጣፋጭ ድምፅ «ምን ልርዳዎት?» ሲላቸው ይብሱን ፈሩ። «ፊቱን ላላየሁት ሹፌር ነፍሴን አልሰጥም» አሉ፤ አበቃ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ርቆ በእግር መሄድ አይሆንላቸውም። ባላቸው አቶ ጌዲዮን ከሞቱ በኋላ መጋረጃ ዘግተው ከቤት አልወጣ ብለው ነበር፤ ዘርፌ የምታደርገው ጠፍቷት ከርማለች። በመጨረሻ ያስወጣቸው የሰጎኗ መሪ ነው። ልጃቸው መሪ ጨብጣ ሲያዩ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቆቃ ወርደው አሳ ይበላሉ። እሑድ ስለ ቅዳሜው ያወራሉ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ስለሚመጣው ቅዳሜ ያስባሉ። የእማማ ኤልዳና ሳምንት በሙሉ የተንጠለጠለው በዚች መኪና ላይ ነው።

ሰጎን ሞጆ ይሠራ በነበረ ፋብሪካ፣ መሪ ተገጥሞላቸው ከወጡት መኪኖች የመጨረሻዋ ዓይነት ናት። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው መሪ መግጠም ተወ። ከቆመችበት ስትነሳ ሆድን ከጀርባ ጋር ታጣብቃለች፤ ሞተሯ ድምፅ የለውም፣ ሲሮጥ የሚሰማው የነፋስ ፉጨት ብቻ ነው። አቶ ጌዲዮን የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቀስ ብለው ተራምደው፣ ቀስ ብለው ተናግረው፣ በስተርጅና ይህችን ገዝተው መጡ። ሰፈሩ ጉድ አለ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ቀን ያሉት አንድ ቃል ነው። ዘርፌ የፋብሪካውን ላስቲክ ከወንበሩ ላይ ልትቀድ ስትል እጇን ይዘው፣ «ተዪው፤ እንግዳ ሲመጣ ይነሳል» አሏት።

እንግዳ መጣ። ወንድሞቻቸው ከደሴ መጡ፤ «እነሱማ ቤተኛ ናቸው» አሉ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር መጣ፤ «እሱማ ለዚህ አይበቃም» አሉ። አንዱ ሲበዛ ዘመድ፣ ሌላው ሲያንስ ባዳ እየሆነ፣ ላስቲኩን የሚያስነሳ ሰው ሳይገኝ እሳቸው ሞቱ። ላስቲኩም ቀረ። በጋ ሲሆን ጭን ያቃጥላል፣ ክረምት ሲሆን ያንሸራትታል፤ እማማ ኤልዳና ግን «የጌዲዮን ቃል ነው» ብለው አያስነኩትም።

ረቡዕ ዘርፌ ሱቅ ውላ ለአቶ ሮቤል ነገሩን ነገረቻቸው። አቶ ሮቤል አዲሱን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ዙሪያቸውን ቃኙ። «ጫር ጫር ብታደርጊያትስ?» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ራሳቸው ደነገጡ። ከመልእክቱ በኋላ በእጩ መኪና ላይ ሚስማር ማሳረፍ ቅርስ ማጉደል ይባላል፤ መኪናዋም አትተርፍ፣ ሰውየውም አይተርፍ። ዘርፌም ሌባ መሆን አልፈለገችም፤ የገዛ ቤቷ መኪና ሌባ መሆን ደግሞ ከሁሉ የባሰ መሰላት።

እናቷን እስከ ቅዳሜ ልትደብቃቸው አስባ ነበር። ዳቦው ቀደማት። ሐሙስ ማታ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ድፎ ተደርድሯል፣ እማማ ኤልዳናም የሚቀመጡበት የእንጨት ወንበር ላይ ሆነው ይጠብቋታል።

«ይውሰዷት» አሉ። «እኔ እንደሆነ እቤቴ እቀመጣለሁ።»

«እማዬ፣ ገና አልወሰኑም እኮ።»

«ቀድሞስ ተቀምጬ አልነበር? እቀመጣለሁ።»

አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ዘርፌን የበለጠ ያስፈራት ይኸው ነው። ያኔ መጋረጃውን የዘጉትም በዚሁ ድምፅ ተናግረው ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰማዩ እንደ ደፈነ የቢሮው ሰው መጣ። ያፌት ይባላል፤ አርባውን ያለፈ፣ ትሑት፣ ከበር ጀምሮ ጫማው ላይ ሽፋን ያጠለቀ ሰው ነው። ነጭ ጓንት አድርጓል። ደረቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል የካሜራ መነጽር ተሰክታለች፤ እሷ ያየችውን ትንበያው፣ የቢሮው አስሊ ማሽን፣ ያያል፣ ትንበያው ያለውም በእጅ አንጓው ላይ ይታያል። ዘርፌ በሙያዋ መነጽር ስለምታውቅ ይህችኛዋ ጥሩ መነጽር እንደሆነች ገባት። ጥሩ መሆኗ አላስደሰታትም።

ያፌት ሰጎኗን ዞራት። ቀለሟን፣ ጎማዋን፣ መሪዋን አየ። ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፣ የተኛ ሰው ያለበት ቤት የገባ ይመስል።

«መሪ ካላቸው የመጨረሻዋ መሆኗ አንድ ነገር ነው» አለ። «ጥቂት መሆናቸውም አለ። ፍጥነቷም አለ። ብዙ ሰው ትንበያ ሲባል ፍጥነት ብቻ ይመስለዋል፤ ፈጣን ሆነው ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሞልተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው...» በሩን ከፍቶ ገባና ተቀመጠ። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ያፌት ዓይኑን ጨፈነ። «ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።»

«ላስቲኩ?»

«ባለቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንበሩን ሸፍኖ ከያዘ፣ ያ ሰው ነገን አይቷል ማለት ነው፤ ትንበያው እንዲህ ነው የሚለው። ሌላ አገር ከስንት መኪና አንድ ቢገኝ ነው። የእናንተን ከተማ ሰጎኖች ስናይ ግን ሁሉም ላይ አለ። የቢሾፍቱ ሰው ይህች መኪና ቅርስ እንደምትሆን ከፋብሪካ ስትወጣ ነው ያወቀው። ትንበያው እንዲህ ያለ ፍቅር በየትም አላየሁም ብሏል።»

ዘርፌ እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየች። እየቀለደ አይደለም። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጡባት፣ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«አቶ ያፌት፣ ጫማዎን ሳያወልቁ አንዴ ወደ ቤት ይግቡልኝ» አለችው።

ሳሎኑን አየ። ሶፋው ላስቲክ ለብሷል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል። ፍሪጁ ላይ ሲገዛ የተለጠፈው ወረቀት ዳሩ እየተላጠ ዛሬም አለ። በቡፌው መስታወት ውስጥ የተደረደሩት ስኒዎች አንድም ቀን ሻይ አልቀመሱም። እማማ ኤልዳና ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሀል በእንጨት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሶፋው ለእንግዳ ነዋ።

ያፌት ሪሞቱን አንስቶ ፌስታሉን በጓንት ጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«እናቴም...» ብሎ ጀመረ። «የእናቴም ሪሞት እንዲሁ ነበር። አሁን ድረስ እንዲሁ ነው። ሄጄ አየዋለሁ፣ እነካዋለሁ። አንድም ቀን...» አልጨረሰውም። ስንቱን ላስቲክ የለበሰ ወንበር አይቶ «ነገን ያየ ሰው ነው» እንዳለ ልቡ መቁጠር የጀመረ ይመስላል።

«ታዲያ ይንገሯቸው» አለች ዘርፌ። «ፍቅር አይደለም፣ ልማድ ነው ይበሏቸው።»

«ትንበያው ምክንያት አይሰማም። የሚያየውን ነው የሚያምነው።»

«ቢነሳስ?»

ያፌት ወደ ደረቱ አየት አደረገ፣ መነጽሯን በመዳፉ ከለላት። «መጠቅለያ የተሽከርካሪ አካል አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ሊያነሳው ይችላል። እኔ ግን አንሱም፣ አታንሱም ማለት አልችልም።»

መኪናዋ ያለችው በእማማ ኤልዳና ስም ነው። ሁለቱም ዞረው አዩዋቸው። ዘርፌ አፏ ላይ የመጣውን ልመና ሁሉ መለሰችው። እናቷን ታውቃቸዋለች፤ ከጫኗቸው ይከርራሉ።

እማማ ኤልዳና ነጠላቸውን ጎተት አደረጉ። «ጌዲዮን እንግዳ ሲመጣ ነው ያለው» አሉ። ከዚያ ያፌትን ከጫማው ሽፋን እስከ ፀጉሩ ተመለከቱት። «አንተ አገርህ የት ነው?»

«ጎባ፣ እማማ።»

«ዘመድ አለህ እዚህ?»

«የለኝም።»

«ከዚህ በፊት ቤታችንን ረግጠህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሹመት ምን አለህ?»

«ያን ያህል እንኳ የለኝም» አለ ያፌት፣ ግራ ገብቶት።

እማማ ኤልዳና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «ቤተኛ አይደለህ፤ ትልቅ ሰው ነኝ ብለህ አልተኮፈስክ። ጫማህን ሸፍነህ፣ ከዚያ ሁሉ አገር መኪናችንን ልታይ መጣህ። እንግዳ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ዘርፌ፣ መቀስ አምጪ።»

የሰጎኗ ወንበሮች ላስቲክ፣ የፊቱም የኋላውም፣ እንደ ቀላል አልለቀቀም። በፀሐይ ብዛት ደርቆ፣ ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ ነበር። ዘርፌ ቀደደች፣ እማማ ኤልዳና ጎተቱ፣ ያፌት እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ሲያልቅ ሁሉም ጎንበስ ብለው ወንበሩን አዩ። ስንት ዓመት ሙሉ ወንበሩ ማር የመሰለ ቡናማ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ማር የሆነው ላስቲኩ ኖሯል። ወንበሩ የወተት መልክ ነበረው።

«ነጭ ነው» አሉ እማማ ኤልዳና። በመዳፋቸው ዳበሱት። «ለስላሳ ነው። ጌዲዮን ሳይቀመጥበት ሞተ።» አሁን ዕንባቸው መጣ፤ ዘርፌ ትከሻቸውን አቀፈች፣ እሷም አብራ አለቀሰች።

ያፌት የእጅ አንጓውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ነጥቧ ከፍ አለ» አለ። «ወንበሩ ማንም ያልተቀመጠበት ሆነ። የላስቲኩ ቀነሰ፣ የወንበሩ ግን... በጣም ከፍ አለ። ይቅርታ።»

ዘርፌ ዕንባዋን ሳትጠርግ መኪናዋ ላይ ተደገፈች። በመቀስ የቆረጠችው የገዛ ተስፋዋን መሰላት። «አሁንስ አለቀ?»

«የመጨረሻው እይታ ጉዞም አለበት። ስትሮጥ መታየት አለባት። መንገዱን የሚመርጠው ባለቤት ነው።»

«ቅዳሜ አይደል?» አሉ እማማ ኤልዳና አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ቆቃ ነዋ። የመጨረሻም ከሆነ አሳዬን በልቼ ነው።»

ዘርፌ ነዳች፤ እናቷና እንግዳው ከኋላ ተቀመጡ። ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ራስ ነጂዎቹ እኩል ተራርቀው፣ እኩል እየተከተሉ ይሄዳሉ፤ ውስጣቸው ያለው ሰው ገሚሱ ይተኛል፣ ገሚሱ መጋረጃ ጋርዶ የራሱን ጉዳይ ይሠራል። ሰው የሚነዳት መኪና ስትመጣ ግን ሁሉም በአንዴ ወደ ዳር ይሸሻሉ። ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም ተብለው ነው የተሠሩት። ሰጎን ባለፈች ቁጥር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ካለፈች በኋላ ይገጥማል። ከሞጆ በኩል ነጭ ጨርቅ የለበሰች መኪና የጫነ ካሚዮን ቀስ ብሎ ወደ ዱከም ሲወጣ አዩ። ዳር ላይ የቆመ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

ዘርፌ ካሚዮኑን ካለፈች በኋላ እግሯን እስከ ወለሉ ጫነች። ዳግመኛ ላትነዳት ነው፤ የሚቆጠብ ነገር የለም። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣበቀ፣ መስታወቱ ዳር ነፋሱ ፉጨቱን ለቀቀ፣ ሁለት ኩርባዎችን ሳይታወቃቸው አለፉ። አቶ ጌዲዮን እንዲህ ሲነዱ ሁሌም ትንሽ ፈገግ ይሉ እንደነበር ትዝ አላት፤ እሷም ፈገግ ብላ ኖሯል። ከኋላ ያፌት የበሩን እጀታ አንቆ ይዞ «ይህችን... ይህችን መስታወት ውስጥ...» ይላል። እማማ ኤልዳና አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ስትነዳ እሳቸውን ምንም አይነካቸውም።

ቆቃ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። ከዛፉ ሥር የሚዘረጋው አግዳሚ ውኃ ሞልቶበታል። ሁልጊዜ የሚበሉት እዚያ ነበር፤ መኪና ውስጥ ምግብ በአቶ ጌዲዮን ሕግ ክልክል ነው። ዘርፌ እየሮጠች ትኩስ የአሳ ጥብስ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ዳጣውን በትንሽ ዕቃ ይዛ ተመለሰች። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ሕጉን ማንም አላነሳውም፤ ላስቲኩ ሲቀደድ አብሮ የተቀደደ ይመስላል።

«አንተም ብላ እንጂ» አሉ እማማ ኤልዳና።

«አይፈቀድልንም፣ እማማ። ከባለንብረት ውኃም አንቀበልም።»

«በእኔ ቤት እንግዳ ጾሙን ተቀምጦ እኔ አልበላም።»

«እማማ፣ ሕጉ ነው።»

«እኔ መች ስጦታ ሰጠሁህ? ጉርሻ ነው። ክፈት።»

ያፌት መስኮቱን አየ፣ ዘርፌን አየ፣ የሚያስጥለው አላገኘም። አሳው ዳጣ ተነክሮ፣ በዘይት አብረቅርቆ፣ የእማማ ኤልዳና እጅ አፉ ድረስ ደርሷል። ያንን እጅ መልሶ ለመግፋት ሌላ አገር መወለድ ያስፈልጋል። አፉን ከፈተ። ጉርሻው እንደ አሮጊት ጉርሻ ሁሉ ከአፍ ይተልቃል፤ ግማሹ ገባ፣ ግማሹ አገጩን ታክኮ ወረደና ወተት የመሰለው ወንበር ላይ ጠብ አለ።

«ውይ» አለ ያፌት በሞላ አፉ። ዘሎ በጓንቱ ጠረገው። ጓንቱ ነጭ ነው፣ ወንበሩም ነጭ ነው፤ ዳጣው ግን አረንጓዴ ነው፣ ዘይትም አለው። በጠረገው ቁጥር ሰፋ። አሁንም ጠረገው፤ አሁንም ሰፋ። በመጨረሻ መዳፍ የሚያክል ነገር ሆኖ ወንበሩ መሀል ጉብ አለ።

እማማ ኤልዳና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ወይኔ ጌዲዮን» አሉ።

ዘርፌ ዞራ የምታየው እድፉን አይደለም፤ የያፌትን የእጅ አንጓ ነው። ያፌትም ትዝ ብሎት አየው። ጉርሻውን እስኪውጥ ድረስ መናገር አልቻለም። ሁለቱ ሴቶች ሲያላምጥ ጠበቁት።

«ወረደ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «እየወረደ ነው። የዕለት አገልግሎት ይላል። ምግብ ይላል። ቤተሰብ ይላል። ይህች መኪና በባለቤቶቿ አልተጠበቀችም ይላል።»

«ጉዳት አይልም?» አለች ዘርፌ።

«አገልግሎት ጉዳት አይደለም።» አንጓውን ወደሷ አዞረላት። አረንጓዴው ጽሑፍ ጠፍቶ በቦታው ተራ ጥቁር ጽሑፍ ነበር፤ *አልተመረጠችም።*

ዘርፌ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱን ቀላቀለችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ እፎይታ አታስታውስም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታው ላይ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም አለ። እናቷ ስለ ቅዳሜ የሚያስቡበት ሐሙስ አለ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ኤልዳና፣ እድፉን በነጠላቸው ጫፍ እያሹ። «ምን ብሎ ነው?»

«አንወስዳትም አለ፣ እማዬ። የኛው ናት። አትጥረጊው፣ በእናትሽ አትጥረጊው።»

እማማ ኤልዳና እጃቸውን ሰበሰቡ። ዝናቡን ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ሌላ አሳ ቆርሰው ዳጣ ውስጥ ነከሩ። «አንድ ብቻማ አጉርሼህ አልለቅህም» አሉት ያፌትን፤ ያፌትም በዚህኛው አልተከራከረም። ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ መነጽሯን ከደረቱ ነቅሎ አጠፋት።

ሲመለሱ ዘርፌ ቀስ ብላ ነዳች። ያፌት ጣቶቹን እየላሰ ወሬ አበዛ። ሰኞ ቢሮ ሄዶ ስለ ሪሞቱ እንደሚናገር፣ እንደሚስቁበትም፣ ቢሆንም እንደሚናገር አለ። ከተያዙት ስንቶቹ ላስቲክ ስለለበሱ ብቻ እንደተያዙ እንግዲህ መታየት አለበት። የአንዲት ነብር ባለቤት የሆኑ፣ ሁልጊዜ ስለ ቻርጅ የሚጠይቁ ሽማግሌ እንዳሉም ነገራት። ዘርፌ እንደምታውቃቸው አልነገረችውም፤ የሰማችውን ሰኞ ራሷ ልትነግራቸው ፈለገች።

«ትንበያው ተሳስቶ ነበር ማለት ነው?» አለችው።

«ልክ መሆናችንን የምናውቀው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ከመሀላችን ማን ይኖራል?» ያፌት እድፉን አየት አደረገው። «ምናልባት ያኔ ሰው የሚሻማው አሳ የተበላባትን ፍለጋ ይሆናል።»

«ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይምጡና ይውሰዷት» አሉ እማማ ኤልዳና።

ያፌትን ሸኝተው ሲገቡ መሽቷል። ዘርፌ መብራት አብርታ ኩሽና ገባች፤ እጇን ስትታጠብ እናቷ ከሳሎን ጠሯት። ስትወጣ እማማ ኤልዳና የእንጨት ወንበራቸውን ትተው ሳሎኑ መሀል ቆመዋል። ሶፋውን ያያሉ።

«መቀሱን የት አደረግሽው?» አሏት።